በዱንጉዛ የተጠቀለለው ብልቃጥ

ባለፈው ሰሞን በሶዶ መርካቶ በኩል ሳልፍ አንድ ሱቅ በር ላይ ስኳር ሲራገፍ ደረስኩ። ዛሬ ስኳር የሚመጣው በላስቲክ ከረጢት ነው፤ ባለሱቁ ግን ጭቃ እንዳይነካው ከሥሩ የድሮ ጆንያ አንጥፎ ነበር። ጆንያው ዝናብ መትቶታል። እርጥብ ጆንያና የፈሰሰ ስኳር አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ አለ፣ ግማሹ ጣፋጭ ግማሹ ሻጋታ። እግሬ ቆመ። ባለሱቁ "እማማ፣ ምን ልስጥዎት?" አለኝ። "ምንም፣ እያሸተትኩ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። ያ ሽታ በወጣትነቴ ስም ያገኘሁበት ሽታ ነው። ቀድሞ ሲሸተኝ አንገቴ ቀና ይል ነበር። አሁን ግን ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ መንገዴን ቀጠልኩ።

ያን ጊዜ ስኳር በየሱቁ አይሸጥም። በቀበሌ ሱቅ ነው፣ ለዚያውም መኪናው ከመጣ። ሱቁ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ልብስ ሰፊዎቹ የእግር መኪናቸውን በረንዳ ላይ ደርድረው ከሚሰፉበት ማዶ ነበር። ከፊቱ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባንክ ያለበት ፎቅ ቆሟል። ኪሎው ብርና ጥቂት ሳንቲም ነው። በስሙኒ እጅ ሙሉ ሙዝ ይገዛል፤ የተበላ ከተማ ሴቶች ከቆላ ተሸክመው የሚያመጡት፣ ቆዳው ነጠብጣብ ያለው፣ የሚጣፍጥ ሙዝ። ወንዶቹ ካኪ ይለብሳሉ፤ እኛ ሴቶቹ የናይለን ሻርፕ እናስራለን፤ የቢሮ ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ የቴትሮን ጉርድ። እግር ላይ ግን ሁላችንም እኩል ነን፣ ኮንጎ ጫማ ነው። ኮንጎ ጫማ ውስጥ የዳሞታ ተራራ ቀይ ጭቃ ከገባ ሲራመዱ እንደ እንቁራሪት ይጮሃል። ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል መንገዱ በሙሉ እንቁራሪት ይሆናል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ ዘፈን ይለቃል፤ እኛ ደግሞ መዝሙር ጮክ ብሎ መዘመር የማይመችበት ጊዜ ስለነበር ከንፈራችንን ገጥመን በአፍንጫችን በወላይትኛ እናዜማለን። ጠባቂዎቹ የሰልፉን ዘፈን የምንከተል ይመስላቸዋል።

የስኳሩ ነገር ሥርዓት ነበረው። ጋሽ ጎበዜ የሚባል ሰው ነበር፣ ስም ጠሪ። ደረጃው ላይ ወጥቶ ስም ይጠራል። ስም ሲጠራ መጋዘን ጠባቂው ውስጥ ገብቶ ይመዝናል። ጋሽ ጎበዜ ካልጠራ ሚዛኑ አይነሳም። ድምፁ ከመናኸሪያው ጫጫታ በላይ ነው፤ የአባትሽን ስም ሲጠራ አባትሽ ከመቃብር የሚነሱ ይመስልሻል። አንድ ቀን መኪናው መጣ፣ ስኳሩ ገባ፣ እኛም ከሌሊቱ ጀምረን ተሰለፍን። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። የሚጠራን የለም። በሩ ገርበብ ብሏል፤ መጋዘን ጠባቂው ብቅ ብሎ ያየንና ተመልሶ ይገባል። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝም። "ስኳሩን ደብቀውታል፣ ለሹማምንቱ ሊያከፋፍሉት ነው" ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ተከተሉኝ። ገፍተን ገባን። ጆንያው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አንዲት ኪሎ አልጎደለችም። ጋሽ ጎበዜ ጉሮሮው አብጦ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሊናገር ሲሞክር የሚወጣው አየር ብቻ ነው። መጋዘን ጠባቂው ላብ አጥምቆት "ስኳሩ ይኸው። ጠሪ ነው ያጣሁት" አለን።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የጨረስኩት በዚያው ዓመት ነበር። "እኔ እጠራለሁ" አልኩ። ደረጃው ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ስም ስጠራ ድምፄ ተሰበረ፤ ሴቶቹ ሳቁ፤ ሁለተኛውን ስጠራ ግን ሾላው ላይ ያሉት ወፎች ተነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ጠሪዋ እኔ ነበርኩ። ማንንም አስቀድሜ አልጠራሁም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት ከሰልፍ ውጭ መጥታ ብትቆም ቀና ብዬም አላያትም። ዛሬም በዕድሜ የገፉት "ስኳር ጠሪዋ" ይሉኛል። ይህን ታሪክ ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም ሳልሰለች አውርቻለሁ። ሳወራው ግን መጋዘን ጠባቂውን ቶሎ አልፈዋለሁ። ያ ሰው አንዲት ማንኪያ ስኳር አልደበቀም። ሌባ ብዬ በሰው ፊት ጮህኩበት፤ እሱ ላቡን ጠርጎ በሩን ከፈተልን። ታሪኩ የኔ ክብር ስለሆነ የሱን ድርሻ ቆርጬ ጣልኩት። ይህን ያስተዋልኩት አርጅቼ፣ አሁን የምነግራችሁ ነገር ከደረሰብኝ በኋላ ነው።

የልጅ ልጄን ማርታን የማሳድጋት እኔ ነኝ። አባቷ፣ ልጄ፣ ገሱባ መንግሥት ሥራ ላይ ነው፤ መንገዱ ክፉ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። ማርታ ሁለተኛ ደረጃ እያለች ውሃ ጠጥታ አልጠግብ አለች፣ ከሳች፣ ትንፋሿ የበሰበሰ ሙዝ መሽተት ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ስኳር ነው አሉን። ከዚያ በኋላ ኢንሱሊን ትወጋለች። ብልቃጦቹን የምታስቀምጠው ጓዳ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ነው፤ ሙቀት እንዳይነካቸው። አሸዋው ጽሑፉን እንዳይፍቀው ካረጀ የዱንጉዛ ልብሴ ቁራጭ ቀድዳ ትጠቀልላቸዋለች። ዱንጉዛ እዚህ ሁሉም ቤት አለ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመሩ ሁሉ አንድ ነው፤ የኔን ግን አውቀዋለሁ። ጠርዙን በነጭ ክር የዘመዘምኩት ራሴ ነኝ።

ዘንድሮ ማርታ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እያጠናች ነው። አንድ ሐኪም የሷን ነገር ሲከታተል ቆይቶ "ይሄ እንደ ሌላው ስኳር አይደለም" አለ። የምትወጋው መጠን በጣም ትንሽ ነው፣ አባቷም ከወጣትነቱ ስኳር አለበት፣ እኔም ሲለኩኝ ከፍ ያለ ነገር አለኝ። ደሟ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ መርፌውን አቁሚ፣ ይቺን ትንሽ ክኒን ዋጪ ተባለች። ማርታ እየዘለለች ቤት ገባች። እኔ ቦይና፣ ማለት ጎደሬ፣ እየላጥኩ ነበር።

"አይዬ፣ ከመርፌ ተገላገልኩ" አለችኝ። እኛ ዘንድ እናትንም አያትንም አይዬ ነው የምንለው።

"ክኒን?" አልኳት። "ለሌላው መርፌ፣ ላንቺ ክኒን?"

"ለኔ የሚሻለው እሱ ነው። ላስረዳሽ..."

"አታስረጂኝ። የስኳር መድኃኒት ሲያልቅ ማን እንደሚቀነስ እኔ አውቃለሁ።"

ያገራችን ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ክኒን የሰጠ ሐኪም የናቀን፣ የወጋ ሐኪም ያከበረን ነው። እኔም ከዚህ ሕዝብ ነኝ። በዚያ ላይ በመድኃኒት ቤቶቹ መስኮት "ኢንሱሊን አልቋል" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አልቋል ሲባል ሁልጊዜ የሚታየኝ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጆንያ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለደም ግፊቴ ቀጠሮ ነበረኝና ወደ ሐኪም ቤቱ ብቻዬን ሄድኩ። ኮሪደሩ ሙሉ ነው። ከመድኃኒት መስኮቱ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች። ዘውድነሽ እላታለሁ። መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር የመጡ፣ እሷ ግን ሶዶ ተወልዳ ወላይትኛን ከኔ እኩል የምትናገር። መስኮቱ ላይ ያለችው ሲስተር አንድ ነገር ሰጠቻት። ዘውድነሽ ወደ ቦርሳዋ ልትከተው ስትል ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር አየሁ። ጠርዙ ላይ ነጭ ክር።

"ይቺን ጨርቅ ከየት አመጣሻት?" አልኳት።

"ምን አልሽኝ፣ እናቴ?"

"ዱንጉዛዋን። የኔ ልብስ ቁራጭ ናት።"

"አሁን ከዚህ ነው የሰጡኝ" አለች፣ ግራ ገብቷት።

ወደ ሲስተሯ ዞርኩ። "የልጄን መርፌ ነጥቃችሁ ክኒን ያስያዛችኋት ለማን ብላችሁ እንደሆነ ገባኝ።"

"እማማ፣ እንደሱ አይደለም" አለች ሲስተሯ። "ይቀመጡና ላስረዳዎት።"

"ቆሜም ይገባኛል።"

አግዳሚው ላይ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰውዬ ነበር። "እውነቷን ነው፣ እዚህ ቤት ሰው የሌለው ሰው አልቋል ነው የሚባለው" አለ። ከጎኑ ያለችው ሴት ቀጠለች፤ "ሱቅ ያላት ሴት ገዝታ መውጋት ያቅታታል? የድሃ ለምን ትነካለች?" ሌሎቹም አጉረመረሙ። እኔ ድምፄ ተመለሰልኝ። ደረጃው ላይ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ። ስለ ድርሻ፣ ስለ ሰልፍ፣ ስለ ባለገንዘብ ብዙ ተናገርኩ፤ አሁን ልደግመው አልችልም።

ሲስተሯ ተሰላቸች። "እትዬ፣ የመድኃኒት ካርዱን ስጭኝ" አለቻት ዘውድነሽን። "የማን ስም እንደተጻፈበት ጮክ ብዬ ላንብብላቸውና ይውጣላቸው።"

የዘውድነሽ ፊት ተለወጠ። ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው። ከዚያ ብልቃጡን ከነጨርቁ እጄ ላይ አኖረችውና ሁሉም እንዲሰማ በወላይትኛ "ውሰጂው። እኔ የሰው ድርሻ አልበላም" አለች። ወጥታ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም።

ካርዱን የደበቀችው ያልተገባት ስለሆነ ነው አልኩ። የተያዘ ሰው እንዲህ ነው አልኩ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ከመቀመጫቸው ተነስተው አሳለፉኝ። የደም ግፊቴን እንኳ ሳልለካ ወጣሁ። ባለ ባጃጁ ከውጭ ሆኖ ወሬው ደርሶት "እንዳንቺ ያለች እናት ታብዛልን" እያለ ቤቴ አደረሰኝ። ብልቃጡን ገንቦው ውስጥ ቀበርኩትና ማርታን መጠበቅ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማርታ ከትምህርት ስትመለስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። "ነይ፣ ገንቦሽን ክፈቺ" አልኳት። ከፈተች። ብልቃጡን አውጥታ አየችው። መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

ነገርኳት። እየነገርኳት ፊቷ ይበራል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሱ ግን እየጠቆረ ሄደ።

"አይዬ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች። "መርፌ ሳቆም የተረፈኝን ራሴ ወስጄ 'ላጣ ሰው ስጡልኝ፣ ስሜን አታንሱ' አልኳቸው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለምን እንደማያስፈልገኝ ልነግርሽ ስል አታስረጂኝ አልሽ።"

ማርታ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንደ አስተማሪ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ጠዋት የጮህኩበትን ያህል እሷ ዝግ አለች።

"ያንን የስኳር ጠሪ ታሪክሽን አስቢው። በሰውነታችን ባለው በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ሙሉው ጽሑፍ አለ። የኢንሱሊን አሠራርም ተጽፎ አለ፣ በዓይንሽም፣ በቆዳሽም። ግን እዚያ የሚያነበው የለም። የሚነበበው ቆሽት ውስጥ ባሉ ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ነው።"

እኔ ቆሽትን የማውቀው በንዴት ነው። ቆሽቴ አረረ እላለሁ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሥራ ያለው ዕቃ መሆኑን አላሰብኩም።

"ለምን እዚያ ብቻ?" አልኳት።

"እዚያ ጠሪዎች አሉ። ፕሮቲኖች ናቸው፣ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው የሚባሉት። ጽሑፉ ደጃፍ ላይ ይቆሙና 'ይሄ ይነበብ፣ ይሄ ይሠራ' ይላሉ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ አንዱ ጠሪ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፤ ስኳሩ ሲቀንስ ይወጣል። ብቻውንም አይደለም፣ ሦስት አራት ሆነው ነው። አንዱ ከደከመ ሥራው ይላላል።"

"ስም አላቸው?"

"ፒዲኤክስ ዋን የሚባል አለ። የኔ የተበላሸው ኤችኤንኤፍ ዋን አልፋ ይባላል።"

"እንደ መኪና ታርጋ" አልኩ። ለመሳቅ ሞክሬ ነው። አልሳቀችም።

"እሱን ጠሪ በሚሠራው ጽሑፍ ውስጥ እኔ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታለች። ስለዚህ ጠሪዬ እንደ ጋሽ ጎበዜ ጉሮሮው ታሟል። መጋዘኑ ግን አለ። ሕዋሳቱ በሕይወት አሉ፣ ጥቂት ጥቂት ይሠራሉ። ክኒኗ እነሱን ገፋ አድርጋ ያላቸውን ታስወጣለች። ለዚህ ነው የሚበቃኝ።"

"ያቺኛዋስ?"

"የሷ አይነት ሕመም ሌላ ነው። የሰውነት የራሱ ወታደሮች ሕዋሳቱን ገድለዋቸዋል። መጋዘኑ ፈርሷል። ጠሪ ቢኖርም ማንን ይጠራል? ይሄ ብልቃጥ ከሌለ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው ይሞታል፣ አይዬ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ሌላ የነበራት ሴት የኔን ትርፍ ለመውሰድ እዚያ መስኮት ላይ ትቆም ነበር?"

ነጠላዬን አንስቼ ለበስኩ። ማርታ ተነስታ "እኔ እወስዳለሁ" አለች። "የወሰድኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችልኝ። በሩ ላይ ስደርስ "ደግሞ ያ ፊደል የመጣው ከአባቴ ነው፣ አባቴም ያገኘው ካንቺ ነው" አለች። "ልክሰስሽ ብዬ አይደለም። አባቴ ሊነግርሽ ስላፈረ ነው።" ልጆቼ ሦስት ናቸው። ለአንዱ ብቻ ነው የሰጠሁት። እኔ፣ ለሰው ሁሉ እኩል ካልተመዘነ ብዬ ስጮህ የኖርኩት፣ ገና ፊደል ሳልቆጥር በፊት በውስጤ እንዲህ ያለ አድልዎ ተሸክሜ ነበር። ለዚህ ማንም አይወቅሰኝም፤ ግን መንገዱን ሙሉ አብሮኝ ሄደ።

ከቤቴ እስከ መርካቶ ቁልቁለት ነው። በድሮ ጊዜ በዚህ መንገድ ስወርድ በየበረንዳው የተቀመጡት ሴቶች "ስኳር ጠሪዋ፣ ነገ መኪናው ይመጣል?" ይሉኛል፤ እኔም የማውቅ መስዬ አልፋለሁ። ያን ቀንም ሰው ጠራኝ። ከጸሎት ቡድናችን አንዷ ከአትክልት መደብሯ ብድግ ብላ እጄን ያዘች። "ሰማን፣ ጎበዝ። እነዚህን ዝም ማለት አይገባም ነበር" አለችኝ። ብልቃጡ ጡቴ ሥር ነበር። ዝም ብላት እውነት አስመሰልኩት፣ ብናገር ሰዓቱ ይሄዳል። "እቸኩላለሁ" ብዬ እጄን ነጠቅኳት።

ዘውድነሽ ሱቅ ውስጥ አልነበረችም። ከጨርቆቹ መሃል ልጇ ተቀምጣለች፣ ሕይወት እንበላት፣ ከማርታ ትንሽ ከፍ የምትል፣ መልከ መልካም። አጠገቧ የውሃ ጆግ አለ። ተነስታ በርጩማ አቀረበችልኝ።

"እናትሽ የት ሄደች?"

"ሻንቶ። እዚያ የሷው ሕመም ያለባት ዘመድ አለችን፣ ለራሷ መድኃኒት ልትጠይቃት።" ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ምን ልስጥዎት፣ እማማ? ለነጠላ ጥለት ፈልገው ነው?"

ስትናገር ትንፋሿ ደረሰኝ። የበሰበሰ ሙዝ። ያንን ሽታ ከሺህ ሽታ እለየዋለሁ።

"መድኃኒቱ ያንቺ ነው" አልኳት።

ወደ በሩ አየች። "ቀስ ይበሉ፣ ጎረቤት ይሰማል።"

ብልቃጡን አወጣሁ። ጨርቁን ፈታች፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀችም። ከመጋረጃው ኋላ ገባች። እኔ በሩን በትከሻዬ ይዤ ቆምኩ። አንድ ደንበኛ ሊገባ ሲል "ዝግ ነው" አልኩት። "እርስዎ ማን ነዎት?" አለኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁበት፣ ሄደ።

ሕይወት ከመጋረጃው ስትወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። "ከትናንት ጀምሮ አልወጋሁም" አለች። ስለራሴ ነገርኳት፣ ከኮሪደሩ ጀምሬ፣ ሳላሳምር። ሰምታ ስትጨርስ ውሃ ቀድታ ለኔም ሰጠችኝ።

ዘውድነሽ ከሻንቶ ሚኒባስ ስትወርድ ሱቆቹ መብራት እያበሩ ነበር። ባዶ እጇን ነው የመጣችው። በሩ ላይ ስታየኝ ቆመች።

"አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?" አለችኝ።

"እማ፣ አምጥታዋለች። ወግቻለሁ" አለች ሕይወት።

ዘውድነሽ የልጇን ግንባር ዳሰሰች፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ከዚያ ጨርቆቹ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ግን የመጣሁበትን መናገር ነበረብኝ። "በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት እቆማለሁ" አልኩ። "ይህቺ ሴት የማንንም አልወሰደችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ። በሰው ፊት ያዋረድኩሽን በሰው ፊት እመልሳለሁ።"

"አትይም" አለች።

"ፍርድ ነው።"

"ለማን ነው የምትፈርጂው?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የማንንም አልወሰደችም ስትይ፣ ታዲያ ለማን ነበር ብለው አይጠይቁም? እኔ ስኳር የለብኝም። ይሄ ገበያ እኔ የታመምኩ ነው የሚመስለው፣ ሲስተሯም ካርዱን የምትሰጠኝ ቀስ ብላ ነበር። ልጄን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሊልኩ የተዘጋጁ ሰዎች አሉ። ካርዱ ላይ ያለው የሷ ስም ነው። ሲስተሯ ጮክ ብላ ልታነበው ስትል ነው ብልቃጡን የሰጠሁሽ። ጩኸትሽን ፈርቼ መሰለሽ?"

"እማ፣ ለሚጠይቀኝ ልጅ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ ብዬሻለሁ" አለች ሕይወት።

"ትነግሪዋለሽ። አንቺ ትነግሪዋለሽ፣ ገበያው አይነግረውም።" ወደኔ ዞረች። "ሰው ሲያመሰግንሽ ዝም ብለሽ ተቀበዪ። የምለምንሽ እሱን ብቻ ነው።"

ክርክር አላጣም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ክርክር አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን በርጩማውን ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ።

ሕይወት ለልጁ ነግራዋለች፤ የሆነውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እሷ ናት፣ እናቷ ደግሞ ማንም እንዳያውቀን አድርጊ ብላ። ስማቸውን ለውጫለሁ። የጨርቅ ሱቅ ያልኩትም ጨርቅ አይሸጥም። የማርታን አልለወጥኩም፣ "የኔ ይቅር፣ ጠሪዬ ታሞ እንጂ ሰርቄ አይደለም" አለችኝ። ክኒኗን ትውጣለች፤ ደህና ናት። አባቷም ከገሱባ መጥቶ ተመረመረ፤ እሱም ያቺኑ ክኒን ይውጣል።

የኔ ቀጠሮ ሲደርስ ሄድኩ። ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የደም ግፊት እፍረት አያውቅም። ኮሪደሩ እንደ ወትሮው ሙሉ ነው። እግሩ በጄሶ የነበረው ሰውዬ ዛሬ በምርኩዝ ነው፤ ከሩቅ አየኝና "ለእውነት የቆመችው እናት መጣች፣ አሳልፏት" አለ። ሰዎቹ ዞሩ። አንዳንዶቹ ያን ቀን አልነበሩም፤ ነገሩን ግን ከሌላ ሰምተው እኔ ካወቅሁት በላይ አሳምረው ያውቁታል። "ገና ወረፋዬ አልደረሰም፣ ከኋላ እቆማለሁ" አልኩ። "ይኸው፣ አሁንም ለሰው ነው የምታስበው" አለች አንዷ።

ዘውድነሽ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ። ሰው ሁሉ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ምን እንደምታደርግ እየጠበቁ ነው። እሷም ያወቀችው ይመስለኛል፤ ባትነሳ ወሬው አይበርድም፣ ወሬው ካልበረደ ደግሞ ሰው ካርዱን ማሰብ ይጀምራል። ብድግ አለች። የተቀመጠችበትን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ በወላይትኛ፣ "ተቀመጪ፣ እናቴ" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። እንጨቱ ላይ የሷ ሙቀት ገና ነበር።